ልምድ ሲረዳና ልምድ ሲጋርድ፦ አዲስ ማዕቀፍ ስማር የታዘብሁት

መግቢያ

በዚህ መድበል የሚወጡ አጫጭር ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ የጥናት ውጤት ያቀርባሉ። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው ለጥናት በተሠራ አንድ መሣሪያና መሣሪያውን በሠራው ሰው ላይ ነው። ሠሪው እኔ ነኝ። ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ ዩኒቨርሲቲ ከመመለሴ በፊት አምስት ዓመት ያህል በአዲስ አበባ የአንድሮይድ መተግበሪያዎችን በመሥራት ተዳድሬያለሁ። በትምህርቴ ሁለተኛ ዓመት፣ ከዚያ በፊት ነክቼው በማላውቀው ማዕቀፍ፣ በተለምዶ ፍሬምወርክ በምንለው፣ አንድ የመረጃ መሰብሰቢያ መተግበሪያ እንድሠራ ተጠየቅሁ። «ሁለት ሳምንት ይበቃኛል» አልሁ። ሥራው ሁለት ወር ፈጀ፤ በመካከሉም የባልደረባዬን የጥናት መረጃ አበላሸሁ፤ አንድ ታማኝ ሰው በሐሰት እንዲጠረጠርም ምክንያት ሆንሁ።

ይህን የምጽፈው ከመካከላችን ብዙዎች ከሥራ ዓለም ወደ ምርምር የመጣን፣ ለጥናታችንም በየጊዜው አዲስ መሣሪያ መማር ግድ የሚለን በመሆናችን ነው። አንዱ ከኤስፒኤስኤስ ወደ አር፣ ሌላው ከማትላብ ወደ ፓይተን ይሻገራል። ጥያቄዬም ይህ ነው፦ አንድን ነገር አስቀድሞ በሚገባ የሚያውቅ ሰው ሌላ አዲስ ነገር ሲማር፣ የቀድሞ ዕውቀቱ የሚረዳው የት ላይ ነው? የሚጋርደውስ የት ላይ ነው?

ሥራው

የዝናብን ስርጭት የሚያጠና አንድ የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪ ባልደረባዬ በአንድ ተፋሰስ ውስጥ 14 የዝናብ መለኪያዎችን አስተክሎ ነበር። በየመለኪያው አጠገብ የሚኖሩ ሰዎች በየቀኑ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ የተጠራቀመውን ውሃ ለክተው ይናገራሉ፤ ሦስት ሰብሳቢዎች ደግሞ እያንዳንዳቸው የአራት ወይም የአምስት መለኪያ ንባብ ተቀብለው በደብተር ይጽፋሉ። መተግበሪያው ይህን ደብተር ወደ ስልክ ያዛውራል ተብሎ ታሰበ። ሰብሳቢው የመለኪያዎቹን ዝርዝር በስክሪኑ ላይ ያያል፤ በእያንዳንዱ ስም ፊት ለፊት የዝናቡን መጠን በሚሊሜትር ይጽፋል፤ ኔትዎርክ ባለበት ቦታ ሲደርስ ደግሞ በየመስመሩ «ላክ» የሚለውን ይነካል። ንባቡ ሲደርስ መስመሩ ከዝርዝሩ ይወጣል፤ ያልተላከው ብቻ ይቀራል።

ሰብሳቢዎቹ የአንድሮይድ ስልክ፣ ባልደረባዬና አማካሪው ደግሞ አይፎን ስለሚጠቀሙ፣ በአንድ ኮድ ለሁለቱም የሚሠራ ማዕቀፍ አስፈለገ። የመረጥነው ፍላተርን ነው። ፍላተር የጎግል ሥራ ሲሆን የመጀመሪያው የተረጋጋ እትሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ነው። የሚጻፈውም ዳርት በተባለ ቋንቋ ነው። ዳርትን ባየሁት ጊዜ ከጃቫ ብዙም የራቀ ሆኖ አልታየኝም። ጎግል ኮትሊንን እ.ኤ.አ. በ2017 ለአንድሮይድ በይፋ ከተቀበለ በኋላ መሥሪያ ቤታችን ከጃቫ ወደ ኮትሊን ሲዛወር፣ ለውጡን በጥቂት ሳምንታት ተላምጄው ነበር። ያ ቀላል ሽግግር አሳሳተኝ። ያን ጊዜ የተለወጠው ቋንቋው ብቻ ነበር፤ ስክሪን እንዴት እንደሚሠራ የነበረኝ አስተሳሰብ ባለበት ቆይቷል። አሁን የሚለወጠው ግን አስተሳሰቡ ነበር።

ባለ ሁለት ዓምድ ደብተር

የቀድሞው የአንድሮይድ አሠራር ትእዛዝ መስጠት ነው። በስክሪኑ ላይ ያለው እያንዳንዱ ነገር፣ ጽሑፍም ሆነ ቁልፍ፣ አንድ ጊዜ ተፈጥሮ ይቆያል። ፕሮግራመሩ ፈልጎ ያገኘውና «ይህን ጽሑፍ ያዝ»፣ «ቀለምህን ለውጥ»፣ «ተሰወር» ይለዋል። በፍላተር ግን ፕሮግራመሩ የሚያዘው የለም፤ የሚሠራው መግለጽ ነው። «መረጃው እንዲህ ከሆነ ስክሪኑ ይህን ይመስላል» ብሎ ይጽፋል። መረጃው በተለወጠ ቁጥር መግለጫው እንደ አዲስ ይሠራል። ማዕቀፉም አዲሱን መግለጫ ከቀድሞው ጋር አነጻጽሮ መለወጥ ያለበትን ብቻ ይለውጣል። ይህ የፍላተር ብቻ ጠባይ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ለሕዝብ ክፍት የሆነው ሪአክት፣ በ2019 አፕል ያስተዋወቀው ስዊፍትዩአይ፣ በ2021 የመጀመሪያ የተረጋጋ እትሙ የወጣው የአንድሮይድ ጄትፓክ ኮምፖዝም በዚሁ መንገድ የሚሄዱ ናቸው።

ይህን ሁሉ በመጀመሪያው ቀን አንብቤዋለሁ፤ ብጠየቅም ማስረዳት እችል ነበር። በተግባር ያደረግሁት ግን ሌላ ነው። በደብተሬ ላይ ሁለት ዓምድ አሰመርሁ፤ በግራ የአንድሮይዱን፣ በቀኝ የፍላተሩን ስም እያነጻጸርሁ ጻፍሁ። አንድሮይድ ስክሪን ሲፈጥር የሚጠራው ኦንክሪኤት በፍላተር ኢኒትስቴት ነው፤ የዚያኛው ዝርዝር ማሳያ በዚህ ሊስትቪው ነው፤ ወዘተ። ለጀማሪዎች የተዘጋጀውን ምዕራፍ «ይህን አውቀዋለሁ» ብዬ ዘለልሁት።

እያንዳንዱ ንጽጽር በከፊል እውነት ነበር። አደጋውም በዚሁ ነው። በእኛ ዘመን አቆጣጠርና በአውሮፓውያኑ መካከል ያለውን ልዩነት «8 ቀንስ» ብሎ የያዘን ሰው እናስብ። ከጥር መባቻቸው አንሥቶ እስከ ጳጉሜን ማብቂያ ድረስ አይሳሳትም። መስከረም 1 ከገባ በኋላ ግን ልዩነቱ 7 ይሆናል፤ ሰውየውም እስከ አውሮፓውያኑ ዓመት መጨረሻ ድረስ ሳያውቀው ይሳሳታል። ስምንት ወር የሠራ ስሌት በዘጠነኛው ይከዳል ብሎ የሚጠረጥር ጥቂት ነው። የእኔም ሠንጠረዥ ዝርዝሩ እስካልተለወጠ ድረስ የሚሠራ ነበር።

ስህተቱ

መተግበሪያው ለሙከራ ከተሰጠ ሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ ባልደረባዬ ኮምፒውተሩን ይዞ መጣ። ከሦስቱ ሰብሳቢዎች የአንደኛው፣ ጡረታ የወጡ መምህር፣ የአምስቱም መለኪያዎቻቸው ንባብ በብዙ ቀናት አንድ ዓይነት ነበር። አምስቱም 12.4፤ በማግሥቱ አምስቱም 3.0። ተራራማ በሆነ አገር፣ አንዱ ቀበሌ ሲዘንብበት ሌላው በሚያባራበት የክረምት ወቅት፣ ይህ እስከ ነጥቡ ድረስ እኩል ሊሆን አይችልም።

«ሳይለኩ የሚሞሉት ይመስለኛል» አለ ባልደረባዬ። «ወይስ ኮዱ ላይ ችግር ይኖር ይሆን?»

«የሌሎቹ ሁለቱ በትክክል ነው የሚደርሰው» አልሁት። «ኮዱ ቢሳሳት ኖሮ በሁሉም ላይ ይሳሳት ነበር።»

ይህን ያልሁት አንድም መስመር ሳልመረምር ነው። በአነጋገሬ ውስጥ የነበረው የአምስት ዓመት ልምድ እንጂ ማስረጃ አልነበረም። ባልደረባዬም አመነኝ፤ የመምህሩ የወሩ አበል ጉዳዩ እስኪጣራ እንዲቆይ ተደረገ።

መምህሩ ነገሩን ሲሰሙ ስልክ ደወሉ። ድምፃቸው አልተቆጣም። «ልጄ፣ እኔ የጻፍኩትና እናንተ ዘንድ የደረሰው አንድ አይደለም» አሉኝ። ከዚያም የደብተራቸውን ገጾች በቴሌግራም ላኩልን። በተስተካከለ የእጅ ጽሑፍ፣ በየቀኑ አምስት የተለያዩ ቁጥሮች ሰፍረዋል፦ 12.4፣ 3.0፣ 0፣ 7.6፣ 5.2። እኛ ዘንድ የደረሰው ግን ከላይ የተጻፈው አንዱ ቁጥር አምስት ጊዜ ነበር።

ያን ቀንና ሌሊት ስህተቱን በለመድሁት ቦታ ስፈልግ ዋልሁ፣ አደርሁም፦ በኔትዎርኩ፣ በመረጃ ቋቱ፣ በመላኪያው ኮድ። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ እንደሚባለው ነው። በማግሥቱ በቤተ ሙከራው አጠገቤ የምትቀመጥ የአራተኛ ዓመት የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ምን እንደምሠራ ጠየቀችኝ። የመጀመሪያ ማዕቀፏ ፍላተር ነው፤ አንድሮይድን በቀድሞው መንገድ ሠርታ አታውቅም። የዝርዝሩን ኮድ ጥቂት አየችና አንድ ነገር ጠየቀች።

«ይህ የተጻፈው ቁጥር የማን ነው? የመለኪያው ነው ወይስ የመስመሩ?»

«የመለኪያው ነው እንጂ።»

«ታዲያ ማዕቀፉ ይህን በምን ያውቃል?»

መልስ አልነበረኝም።

የስህተቱ አሠራር

ጉዳዩ እንዲህ ነው። በፍላተር ዊጄት የሚባለው ነገር መግለጫ ብቻ ነው፤ በተደጋጋሚ ይጣላል፣ በተደጋጋሚ ይሠራል። በመግለጫው ውስጥ የማይጣል፣ ለምሳሌ ተጠቃሚው የጻፈው ጽሑፍ፣ የሚቀመጠው ስቴት በተባለ ሌላ ነገር ውስጥ ነው። ስክሪኑ እንደገና ሲገለጽ ማዕቀፉ በእያንዳንዱ ቦታ ላይ ያለውን አዲስ ዊጄት ከቀድሞው ጋር ያነጻጽራል። ዓይነታቸው አንድ ከሆነና ልዩ መለያ፣ ማለትም ኪይ፣ ካልተሰጣቸው «ያው የቀድሞው ነው» ብሎ ስቴቱን ባለበት ይተወዋል።

መምህሩ አምስቱን ንባብ በቤታቸው ሆነው ከደብተራቸው ይገለብጣሉ፤ ኔትዎርክ ወዳለበት ከፍታ ወጥተውም ከላይ ጀምረው በተከታታይ ይልካሉ። የመጀመሪያው መስመር ተልኮ ከዝርዝሩ ሲወጣ ሁለተኛው መለኪያ ወደ አንደኛው ቦታ ይወጣል። ስሙ የራሱ ነው፤ ቦታውን የሚጠብቀው ቁጥር ግን የመጀመሪያው መለኪያ ነው። እርሱ ሲላክ ሦስተኛው ይተካል፣ እንደገናም ያው ቁጥር ይጠብቀዋል። እኔ የጽሑፉን ሳጥን ያዘጋጀሁት በኢኒትስቴት ውስጥ ነበር፤ በሠንጠረዤ መሠረት ይህ ለእያንዳንዱ መለኪያ አንድ ጊዜ የሚጠራ መሆን ነበረበት። በእርግጥም አንድ ጊዜ ይጠራል፤ የሚጠራው ግን ለቦታው ነው፤ ለመለኪያው አይደለም።

የሌሎቹ ሁለት ሰብሳቢዎች መረጃ ትክክል የሆነውም በኮዱ ትክክለኛነት አልነበረም። አንደኛው ከታች ወደ ላይ መላክ ይወዳል፤ የመጨረሻው መስመር ሲወጣ ቦታውን የሚወርስ ስለሌለ ስህተቱ አይታይም። ሁለተኛው አንዱን ጽፎ ልኮ ወደሚቀጥለው ይሄዳል፤ በሚቀጥለው መስመር ላይ የሚያገኘውን የቀደመ ቁጥር የስልኩ ጠባይ ነው ብሎ እያጠፋ ይጽፍበታል። እኔስ ስሞክረው ለምን አላየሁም? በሁሉም መስመር ላይ 10 እየጻፍሁ እሞክር ስለ ነበር ነው።

መፍትሔው አጭር ነበር፤ ለእያንዳንዱ መስመር የመለኪያውን መለያ ቁጥር እንደ ኪይ መስጠት። በኋላም ቁጥሮቹን ከመስመሩ አውጥተን በመለኪያው ስም በሚቀመጡበት የጋራ ቦታ አኖርናቸው። የጠፋውን መረጃ ከመምህሩ ደብተር መለስነው። ደብተሩ ባይኖር ኖሮ የሦስት ሳምንት የክረምት ዝናብ ከጥናቱ ጠፍቶ ይቀር ነበር።

ልምዱ የረዳበት ቦታ

ከዚህ ሁሉ ልምድ ከንቱ ነው የሚል ድምዳሜ ላይ መድረስ ስህተት ይሆናል። በዚሁ መተግበሪያ ውስጥ ልምዴ በሚገባ ያገለገለኝ ቦታ ነበር፤ የቀንና የሰዓት አያያዝ።

ሰብሳቢዎቹ ቀን የሚቆጥሩት በእኛ አቆጣጠር ነው። ዓመቱ 13 ወር አለው፤ ጳጉሜንም 5፣ በየአራት ዓመቱ ደግሞ 6 ቀን ይሆናል። ሰብሳቢዎቹ 3 ሰዓት የሚሉትን ስልኩ 9 ይለዋል። ከፍላተር ጋር የሚመጣው የቀን መምረጫ ስለ ጳጉሜን የሚያውቀው ነገር የለም። ሥራ ላይ ሳለሁ እነዚህ ነገሮች ተቀላቅለው ብዙ ችግር ሲያመጡ አይቻለሁና ከመጀመሪያው ቀን ወሰንሁ፦ በመረጃ ቋቱ ውስጥ የሚቀመጠው ጊዜ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ይሁን፤ ወደ እኛ አቆጣጠር የሚለወጠው ለዓይን ሲቀርብ ብቻ ይሁን። በዚህ በኩል በሁለቱ ወራት ውስጥ አንድም ስህተት አልተገኘም።

ሁለቱን ጉዳዮች ጎን ለጎን ሳስቀምጥ ልዩነቱ ታየኝ። በቀኑ ጉዳይ ከቀድሞ ሥራዬ ይዤ የመጣሁት ጥያቄ ነበር፦ የሚቀመጠው ምንድን ነው፣ የሚታየውስ? ኮዱን ከባዶ ነው የጻፍሁት። በዝርዝሩ ጉዳይ ግን ይዤ የመጣሁት መልስ ነበር።

ይበልጥ የሚያስገርመው፣ ለዝርዝሩም ትክክለኛው ጥያቄ ድሮ የነበረኝ መሆኑ ነው። የአንድሮይዱ ሪሳይክለርቪው ማህደረ ትውስታ ለመቆጠብ ከስክሪን የወጡ መስመሮችን ለሌላ መረጃ መልሶ ይጠቀምባቸዋል። በመጀመሪያው የሥራ ዓመቴ ተጠቃሚው በአንድ መስመር ላይ ያደረገው ምልክት ዝርዝሩን ወደ ታች ሲያንሸራትት በሌላ መስመር ላይ ይታይ ነበር፤ ምክንያቱን ለማግኘት ሦስት ሌሊት ፈጅቶብኛል። ያን ጊዜ የተማርሁትም «ምልክቱ የመስመሩ ነው ወይስ የመረጃው?» ብሎ መጠየቅን ነው። ተማሪዋ የጠየቀችኝ ይህንኑ ነበር። በሽታውን አውቀዋለሁ፤ በሌላ ስም ስለ መጣ ግን አላወቅሁትም። ከጊዜ ብዛት ጥያቄው ከአእምሮዬ ወጥቶ በእጄ ላይ የቀረው መፍትሔው ብቻ ሆኖ ነበር።

የሉቺንስ ማሰሮዎች

ይህ ነገር በሥነ ልቡና ጥናት የታወቀ ነው። አብርሃም ሉቺንስ እ.ኤ.አ. በ1942 ባሳተመው ጥናት ተሳታፊዎች በሦስት ማሰሮዎች የተወሰነ የውሃ መጠን እንዲለኩ ጠይቋል። ለምሳሌ ማሰሮዎቹ 21፣ 127 እና 3 መለኪያ የሚይዙ ቢሆኑና 100 ቢፈለግ፣ ትልቁን ሞልቶ በመካከለኛው አንድ ጊዜ፣ በትንሹ ሁለት ጊዜ መቀነስ ነው። በዚሁ ዘዴ የሚፈቱ ተከታታይ ጥያቄዎች ከቀረቡ በኋላ 23፣ 49 እና 3 የሚይዙ ማሰሮዎች ተሰጥተው 20 ተፈለገ። ረጅሙ መንገድ እዚህም ይሠራል፤ ነገር ግን ከ23 ላይ 3 መቀነስ ብቻ ይበቃ ነበር። ዘዴውን የተለማመዱት አብዛኞቹ አጭሩን መንገድ አላዩትም። ልምምዱን ያላደረጉት ግን ያለ ችግር አዩት። ሉቺንስ ተሳታፊዎቹ በወረቀታቸው ላይ «አትታወር» የሚል ማሳሰቢያ እንዲጽፉ ባደረገ ጊዜ ብዙዎቹ ከልማዳቸው ተላቀዋል።

ተሳታፊዎቹን የጋረዳቸው የዕውቀት ማነስ አልነበረም፤ ከ23 ላይ 3 መቀነስ የሚያቅተው ሰው የለም። የጋረዳቸው ዘዴያቸው መሥራቱ ነው። የእኔም እንዲሁ። ሠንጠረዤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ባይሠራ ኖሮ በሁለተኛው ቀን እጥለው ነበር።

ማጠቃለያ

ከዚህ በመነሣት ለራሴ ያወጣሁትን አሠራር ባጭሩ አቀርባለሁ፤ ለሌላ መስክ ተመራማሪዎችም ይጠቅም ይሆናል።

አንደኛ፣ አዲስ ማዕቀፍ ስጀምር የንጽጽር ሠንጠረዥ መሥራት ትቻለሁ። በምትኩ ጥያቄዎችን እጽፋለሁ፦ መረጃው የሚኖረው የት ነው? ባለቤቱ ማን ነው? የሚፈጠረውና የሚጠፋው መቼ ነው? ሁለት ነገሮች «አንድ ናቸው» የሚባሉት በምን ታይቶ ነው? የእነዚህን መልስ ከአዲሱ ማዕቀፍ ሰነድ እንጂ ከትዝታዬ አልወስድም።

ሁለተኛ፣ የጀማሪዎችን ምዕራፍ አነባለሁ፤ ግን እንደ ጀማሪ አይደለም። እያንዳንዱን ምሳሌ ከማስኬዴ በፊት ምን እንደሚያሳይ በወረቀት ላይ እገምታለሁ። ግምቴ የሳተበት ቦታ የቀድሞው ልማዴ የተደበቀበት ነው።

ሦስተኛ፣ በሙከራ ጊዜ ለእያንዳንዱ መስመር የተለያየ ቁጥር እሰጣለሁ፤ ቅደም ተከተሉንም አዛባለሁ። ሁሉም ነገር አንድ ዓይነት በሆነበት ቦታ የተቀያየረ ነገር አይታይም።

አራተኛውና የከበደኝ፣ ከእኔ በኋላ የመጡትን መጠየቅ ነው። ያቺ ተማሪ ከእኔ የበለጠ ፕሮግራም አልጻፈችም፤ የሚጋርዳት ነገር ግን አልነበረም። የአማካሪዎችና የመምህራን ድርሻም እዚህ ላይ ይታየኛል። ልምድ ያለው ተማሪ «አውቀዋለሁ» ሲል፣ ስንት ዓመት እንደ ሠራ ከመጠየቅ ይልቅ በምን እንዳረጋገጠ መጠየቅ ይሻላል።

መምህሩን ይቅርታ ለመጠየቅ ባልደረባዬና እኔ አብረን ደወልን። አበላቸው ወዲያው ተከፍሏል። ስህተቱ የእኔ መሆኑን በዝርዝር ለማስረዳት ስጀምር አቋረጡኝና «ልጄ፣ እኔን ያሳዘነኝ የስልኩ መሳሳት አይደለም፤ ሳትጠይቁኝ መወሰናችሁ ነው» አሉኝ። አሁን መተግበሪያው በትክክል ይሠራል፤ እርሳቸውም ይጠቀሙበታል። ደብተሩን ግን አልተዉትም። እንዳይተዉትም እኔው ለምኛቸዋለሁ።